ቺፑድ ኮርኒስ ላይ የጣሪያ ቬንትሌተር ይሰቀላል? (ጅማ)

ልብስ ሰፊዋ፣ ቆጪ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ቆጪ ነው የምኖረው። ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። የምሰራበት ክፍል 4 በ5 ሜትር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ጅማ ሲባል ዝናብና ቡና ብቻ የሚታየው ሰው እስቲ መጋቢት ላይ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮ ስር ይቀመጥ! ካውያው ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው። የሰው የሰርግ ልብስ ይዤ ላቤ እንዳይንጠባጠብበት አንገቴ ላይ ፎጣ ጠምጥሜ ነው የምሰፋው።

የሚቆም ቬንትሌተር አለኝ። ግን ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅና የካውያ ገመድ ነው። ትንሿ ልጄ ጣቴን ካልከተትኩ ትላለች። ገበር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ልቆርጥ ስል ደግሞ ከጎን እየነፋ ያነሳብኛል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ልገዛ አሰብኩ።

እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ጠየቅኩ። ባለሱቁ «አምፖሉን ነቅለሽ እዚያው ማንጠልጠል ነው፣ ምን አለው» አለኝ። አንስቼ ሳየው ግን ከበደኝ። ቺፑዱ ደግሞ ዝናብ ነክቶት አንድ ጥግ ላይ ሆዱን ነፍቷል። ይችለዋል? ስንት ኢንች ልግዛ? መብራትስ ይበላል? የምታውቁ አንድ በሉኝ።

የመብራት ሰው፣ ጅማ

እህቴ፣ ባለሱቁ ግማሹን ነው የነገረሽ። መብራቱን ከአምፖሉ መስመር መውሰድ ይቻላል። ክብደቱን ግን ቺፑድ አይሸከምም። የአምፖል መያዣማ ጭራሽ።

ቬንትሌተሩ ቢመዝን ከ4 እስከ 7 ኪሎ ነው። ዝም ብሎ ቢንጠለጠል ባልከፋ። ችግሩ ይዞራል። ሲነሳም ሲቆምም የተሰቀለበትን ነገር ይነቀንቃል። ኮርኒስሽ ደግሞ የተመታው በትንንሽ ሚስማር ነው። ዛሬ ይይዛል፣ እየዋለ እያደረ ይላላል። ሲወርድ ከስሩ ያለሽው አንቺ ነሽ።

መንጠቆው የሚታሰረው ከላይ ካፕሪያታው ላይ ነው፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው የጣሪያ እንጨት ማለቴ ነው። ክፍሉ መሀል ላይ ካፕሪያታ ካልመጣ፣ ከግራና ከቀኝ ባሉት ሁለቱ ላይ ወፍራም ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) አጋድሞ እሱን መብሳት ነው። በሚስማር እንዳያስርልሽ። ብሎን ይግባ፣ ከላይ ሰፊ ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ የሆነው ክብ ብረት)፣ ከዚያ ዳዶ፣ ዳዶው እንዳይፈታ በላዩ ሌላ ዳዶ። ቺፑዱ የሚበሳው ዘንጉና ሽቦው እንዲያልፍ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን እንጨቱ ይታይ። የእኛ አገር እርጥበት ታውቂዋለሽ። ከውጭ ደህና የሚመስል ባህር ዛፍ ውስጡን ምስጥ ጨርሶት ይገኛል። በካቻቢቴ ወጋ ወጋ ይደረግ። ጫፉ ዘው ብሎ ከገባ እዚያ ላይ ምንም አይሰቀልም። ሆዱን የነፋው ጥግም ቆርቆሮው እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። አስደፍኚው። ውሃ እንጨት ለእንጨት ተንሸራቶ፣ በዘንጉ ወርዶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

መጠኑን ካልሽ፣ ለ4 በ5 ክፍል 48 ኢንች ይበቃል። ዳር እስከ ዳር 120 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። 36 ለትንሽ መኝታ ቤት ነው። 56 ለሰፊ ሳሎን።

መብራት ብዙም አይበላ። ተራው 75 ዋት ገደማ ነው። በቀን ለ10 ሰዓት ቢዞር በወር 22 ኪሎዋት ሰዓት ቢቆጥር ነው። ካውያሽ ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል። ቢኤልዲሲ የሚባሉ አዳዲሶቹ 30 ዋት አካባቢ ናቸው፣ በዚሁ ስሌት 9 ኪሎዋት ሰዓት። ግን ይወደዳሉ። ውስጣቸው ያለው ካርድ ከተበላሸም እንደ ተራው ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ካፓሲተሩ፣ ተቀይሮ የሚያልቅ አይደለም። እኔ ብሆን ተራውን እገዛለሁ።

የድሬ ልጅ

አቦ፣ እኛ ድሬ ያለ ቬንትሌተር ምሳም አይበላ! ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር።

ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን አስከፍቺና ሞተሩን በእጅሽ አዙሪው። ለስላሳ መሆን አለበት። የሚፈጭ ድምፅ ካለው ይቅርብሽ። ሦስቱ ክንፎች ከአንድ ካርቶን ይሁኑ፣ ክብደታቸው ተመጣጥኖ ነው የሚመጣው። ባለሱቁ አንዱ ተጣሟል ብሎ ከሌላ ካርቶን አውጥቶ ሊሰጥሽ ቢል እሺ እንዳትዪ።

ተሰቅሎ ቢወዛወዝ አትደንግጪ። አጥፊውና ሜትር ያዢ። ከኮርኒሱ እስከ አንዱ ክንፍ ጫፍ ለኪ። ሁለተኛውን ክንፍ በእጅሽ አዙረሽ እዚያው ቦታ ላይ አምጪና ለኪ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አንዱ ከተለየ መያዣው ጎብጧል ወይም ብሎኑ ላልቷል። ልኩ እኩል ሆኖ አሁንም ከተወዛወዘ ሳንቲም በፕላስተር ክንፉ ጀርባ ላይ ለጥፊ። ካልረዳ ወደ ሌላኛው ክንፍ አዙሪው። ድሬ ውስጥ ሳንቲም ያልተለጠፈበት ቬንትሌተር ብታገኚ ጥሪኝ።

አንድ ቀን ደግሞ እምምም ብሎ አልነሳም ይልሻል፣ በእንጨት ገፋ ሲደረግ ይዞራል። ካፓሲተሩ ነው። ርካሽ ነው፣ ሙሉውን ዕቃ ቀይሪ የሚልሽን አትስሚ። የአምፖል ብርሃን መቀነሻውን ደግሞ ለፍጥነት መቀየሪያ እንዳያስገቡልሽ፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል። የራሱ ሬጉሌተር አለው።

አናጢው

ሁላችሁም ስለ ቬንትሌተር ታወራላችሁ። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። ቬንትሌተር አየር አያቀዘቅዝም፣ ላብ ነው የሚያደርቀው። ሙቀቱ ያለው ቆርቆሮውና ኮርኒሱ መሀል ነው። መውጫ የለውማ! በቤቱ ሁለት ጫፍ ቲምፓኖው ላይ፣ ማለትም ከጣሪያው ስር ባለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ፣ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ አስወጪ። ወንፊቱ የግድ ነው፣ አለዚያ የሌሊት ወፍ ይከራይብሻል። ግማሹ ሙቀት በነፋስ ይወጣል። ከዚያ ቬንትሌተሩ ካስፈለገሽ ታስቢበታለሽ።

የመብራት ሰው፣ ጅማ

አናጢው፣ ግማሹ የሚለውን ለክተህ ከሆነ ደስ ይለኛል። ቀዳዳው ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ሰው ኮርኒስ ላይ ከወጣ አይቀር ሁለቱም በአንድ ቀን ይሰራ። ካውያ አጠገብ ለሚቆም ሰው ግን ነፋስ ያስፈልጋል፣ ቀዳዳ ብቻ አያድነውም።

ልብስ ሰፊዋ፣ ቆጪ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ ለካሁት፣ 2 ሜትር ከ60 ነው። ይበቃል? ወንድ ልጄ ረጅም ነው፣ ሸሚዝ ሲያወልቅ እጁን ወደ ላይ ነው የሚሰድደው። ሁለተኛ፣ አምፖሌ ያለው መሀል ላይ ነው። ቬንትሌተሩ ቦታውን ከወሰደ በምን ብርሃን ልሰፋ ነው?

የመብራት ሰው፣ ጅማ

ከፍታው ለጥቂት ነው። ክንፉ ከወለል ቢያንስ 2 ሜትር ከ30 ከፍ ይበል። ስለዚህ ክንፉ ከኮርኒሱ ከ30 ሴንቲ በላይ መውረድ የለበትም። አጭር ዘንግ ያለውን ጠይቂ። ኮርኒሱ ላይ አይለጠፍ ደግሞ፣ አየር የሚስበው ከላይ ነው፣ 20 ሴንቲ እንኳ ይራቅ። ልጅሽ ሸሚዙን በር አጠገብ ያውልቅ። መደርደሪያሽም ከስሩ ከሆነ ይነሳ፣ በርጩማ ላይ ቆመሽ ጨርቅ ስታወርጂ ክንፉ አናትሽ ላይ ነው።

አምፖሉን ከክንፉ በላይ እንዳያስቀሩት። ክንፉ ብርሃኑን እየቆራረጠ ስፌትሽ ላይ ጥላ ያርገበግባል፣ መርፌ አይታይሽም። ወደ ስፌት መኪናሽ በኩል፣ ከክንፉ ጫፍ ውጭ ይዛወር። ማብሪያ ማጥፊያውም ለየብቻ ይሁን። ማብሪያው የሚቆርጠው ኃይል ያለበትን ሽቦ ይሁን። የሽቦ ቀለም አትመኑ፣ በድሮ ቤት ቀለሙ እንደ ሰሪው ነው። በቴስተር ይታይ። የመሬት መስመር ካለሽ ከሞተሩ አካል ጋር ይገናኝ።

ቆጣሪው ጋ ብሬከሩን ሳይዘጋ ማንም አይንካ። ሰራተኛውን በጠዋት አስመጪው። ከ4 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ስር ሰው አይቆይም፣ አቻኩሎ ነው የሚጨርስልሽ። ሲወጣም የሚረግጠው እንጨት እንጨቱን ነው። ቺፑዱን ከረገጠው ቬንትሌተሩ ሳይሰቀል እሱ ጠረጴዛሽ ላይ ይወርዳል።