ሮዙ ማሊያ ያመለጠው በማን ጥፋት ነው? በዴል ቶሮ ወይስ በካራፓዝ?

ባለሳይክል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ነገር ካላወራሁት አይለቀኝም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን ዙር፣ ማለትም ጂሮ ዲታሊያ፣ 20ኛው የውድድር ቀን ላይ ነን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ሮዙን የመሪነት ማሊያ የለበሰው ኢሳክ ዴል ቶሮ ነው። ገና የ21 ዓመት ልጅ። ከእሱ በፊት ሮዝ የለበሰ ሜክሲኳዊ የለም። ሪቻርድ ካራፓዝ በጠቅላላ ሰዓት በ43 ሰከንድ ይከተለዋል። ሳይመን ዬትስ ደግሞ በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ሦስተኛ ነው።

ኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ የሚባለው ዳገት ላይ ዬትስ ሁለቱንም ጥሏቸው ሄደ። እነሱ ግን ተፋጠጡ። አንዱ ዞር ብሎ ሌላውን ያያል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ማንም ወደፊት አይወጣም። ዬትስ ጂሮውን በ3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ልዩነት ወሰደ።

ጥያቄዬ አጭር ናት። መጎተት፣ ማለትም ከፊት ሆኖ ነፋሱን እየከለለ ሌላውን ማስከተል፣ የነበረበት ማን ነው? እኔ ዴል ቶሮ ነው እላለሁ። የሚወሰደው ማሊያ የእሱ ነበር። ቤቱ ሌባ ሲገባ ጎረቤት እስኪነሳ የሚጠብቅ ሰው አለ?

ዳገት ወዳድ፦
እኔ በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ሁሉም ልጁ ላይ ይዘምታል፣ ካራፓዝን ግን ማንም አይጠይቅም። ዳገቱ ሲጀምር ቡድኑን አሰልፎ ያጠቃው እኮ ካራፓዝ ነው። ጂሮውን ላሸንፍ ብሎ የወጣ ሰው፣ ዬትስ ሲሄድ ምነው ዝም አለ? ለእሱም እኮ ድሉ አብሮ እየሄደ ነበር።

በዚያ ላይ ይሄን ጨዋታ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። በ2019 ጂሮውን ያሸነፈው እንዴት ነበር? ተፎካካሪዎቹ ኒባሊና ሮግሊች እርስ በርስ ሲጠባበቁ እሱ ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ወደ ኩርማዬር በተደረገው ውድድር ሮዙን ለበሰ። ከስድስት ዓመት በኋላ ራሱ የኒባሊን ቦታ ያዘ። ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

የሰዓት ሰው፦
ስለ ዳገቱ ራሱ ያነሳ የለም። ፊኔስትሬ 18.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ አማካይ ተዳፋትነቱ 9.2 በመቶ፣ መጨረሻው ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው አስፋልት ሳይሆን ጠጠር። ዬትስ የወጣው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጅቶበት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 18 ወይም 19 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ፍጥነት ከሰው ጀርባ መሆን ብዙም አይጠቅምም። ነፋስ የሚከብደው ስትፈጥን ነው።

እኔ በራሴ ሞክሬዋለሁ። ሜዳው ላይ ጓደኛዬ ጀርባ ተለጥፌ ስሄድ እግሬ እንዲሁ ይዞር ነበር፣ ወሬም እናወራ ነበር። ዳገቱ ቀጥ ሲል ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ። የኋላ ጎማው ከፊቴ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ላቤ መሪው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ያ ጎማ ምንም አልረዳኝም፣ የራሴን ክብደት የተሸከምኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ "እኔ ስጎትት እሱ ያርፋል" የሚለው ፍርሃት ፊኔስትሬ ላይ የተጋነነ ነው።

ዳገት ወዳድ፦
ልክ ነህ፣ ግን ጉዳዩ ነፋስ ብቻ አይደለም። ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት ያለው ነው፣ ከኋላ ያለው ደግሞ በድንገት ፈጥኖ የሚዘልበትን ሰዓት ይመርጣል። ዴል ቶሮ አቅሙን ጨርሶ ቢጎትትና ካራፓዝ ቢዘልበት፣ ሁለተኛነቱንም ያጣ ነበር። ልጁ የፈራው ይሄንን ይመስለኛል።

የሮዝ ደጋፊ፦
እኔ ሁለቱንም አልወቅስም፣ ቡድኑን ነው የምወቅሰው። የዬትስ ቡድን ቪስማ ያን ቀን ምን አደረገ? ዋውት ቫን አርትን ገና በጊዜ አምልጠው ከወጡት ጋር ላከው። የዳገቱን ጫፍ ቀድሞ አለፈ፣ ከዚያ ዬትስን ጠበቀው። መድረሻው ወደሆነው ሴስትሪዬሬ በሚወስደው ሸለቆ ውስጥ ነፋሱን እየከለለ ጎተተው። የሰዓት ሰው እንዳለው ዳገት ላይ ነፋስ ቀላል ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ዬትስ ቫን አርት ጋ ሲደርስ ነገሩ አበቃ።

ቫን አርት ሲወጣ እኮ ሁሉም አይቷል። የዴል ቶሮ ቡድን አለቆች መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሬዲዮ ይዘዋል። ይሄ ሰው ለምን ወጣ ብሎ መጠየቅ የ21 ዓመት ልጅ ሥራ ነው? (የሳይመን መንትያ ወንድም አዳም ዬትስ ደግሞ የዴል ቶሮ ቡድን ውስጥ ነበር። እናታቸውን አሰብኳት።)

ባለሳይክል፦
እህቴ፣ የቡድኑን ጥፋት እቀበላለሁ። ግን አለቃ ቢሳሳትም ፔዳሉን የሚረግጠው ጋላቢው ነው። የ2011ን ቱር ደ ፍራንስ አስታውሱ። አንዲ ሽሌክ ኢዞአር የሚባለው ዳገት ላይ፣ መድረሻው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ሄደ። እሱም ከፊት የሚጠብቁት የቡድን ጓደኞች ነበሩት። ልዩነቱ ከ4 ደቂቃ በላይ ሆነ። ከኋላ የቀሩት ያው ይተያያሉ። ካዴል ኢቫንስ ግን መጠበቅ ተወ። የመጨረሻውን ዳገት፣ ጋሊቢዬን፣ ከፊት ሆኖ ጎትቶ ወጣው። ሁሉም ጀርባው ላይ ተለጥፈው ነበር፣ ያገዘው የለም። አንገቱን ደፍቶ፣ ትከሻው እየተወዛወዘ። ሽሌክ ቢያሸንፍም ልዩነቱ ወደ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወረደ። ከሁለት ቀን በኋላ ግሬኖብል ላይ የግል የሰዓት ውድድር ነበር። ኢቫንስ ያን ቀን ሽሌክን በ57 ሰከንድ እየተከተለ ጀመረ፣ ቱሩን በ1 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አሸንፎ ወጣ። "ለምን እኔ ብቻ?" ቢል ኖሮ ዛሬ ስሙን የምናነሳው በሌላ ነገር ነበር።

የሰዓት ሰው፦
ግን ያ ምሳሌ ላንተ አይሠራም። ያን ቀን ቢጫውን የመሪነት ማሊያ የለበሰው ኢቫንስ ሳይሆን ቶማ ቮክሌር ነበር። ቮክሌር አልጎተተም፣ ማሊያውም በ15 ሰከንድ ተረፈለት። የጎተተው ማሸነፍ የፈለገው ሰው ነው። በዚህ ከሄድን ካራፓዝም እኩል ተጠያቂ ነው።

ባለሳይክል፦
ይቺን አምኛለሁ፣ ጥሩ አገኘኸኝ። ካራፓዝም አጥፍቷል። ግን ቮክሌር ቱሩን አሸንፋለሁ ብሎ አልተነሳም፣ ዴል ቶሮ ግን ድሉ እጁ ላይ ነበር።

የሮዝ ደጋፊ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 ዬትስ ራሱ ለ13 ቀን ሮዙን ለብሶ፣ ያጣው በዚሁ ፊኔስትሬ ባለፈበት ቀን ነው። ክሪስ ፍሩም 80 ኪሎ ሜትር ብቻውን ጋልቦ ሲያሸንፍ ዬትስ ወደ 39 ደቂቃ ተቀደመ። ማሊያ ለብሶ እዚያ ዳገት ላይ መውደቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዴል ቶሮ ያን ገና ያየው ያን ቀን ነው። ልጁ ላይ አትጨክኑ።

ባለሳይክል፦
አልጨከንኩም፣ በጣም ስለምወደው ነው የምናገረው። ግን ግማሽ ግማሽ ብዬ አልጨርሰውም። 1 ደቂቃ ከ21 ማለት 81 ሰከንድ ነው። ዬትስን መያዝ እንኳ አልነበረበትም። 70 ሰከንድ ተቀድሞ ቢገባ፣ ካራፓዝን ጀርባው ላይ እንደያዘ፣ ሮዙ የእሱ ነበር። መጎተት የነበረበት ልዩነቱ 30 ሰከንድ ሳለ ነው። ያኔ ጠጠሩ ላይ ነበሩ፣ ዬትስም ቫን አርት ጋ አልደረሰም።