ማዕበሉን በቻይና ቀለም መሳል አቃተኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። በቻይና ጥቁር ቀለም የባህር ዳርቻ እየሳልኩ ነው። ድንጋዩና ጭጋጉ ምንም አይልም። ማዕበሉ ግን አስቸገረኝ።

አረፋው ሳይቀባ የሚተው ነጭ ወረቀት መሆኑን አውቃለሁ። ችግሬ ወረቀቱ ነው። ሙጫ ያልተቀባው ሹዋን (የቻይና የሥዕል ወረቀት) ቀለሙን ወዲያው ይመጠዋል። ቀጭን መስመር ሳሰምር ጠርዙ ፀጉር ያወጣል። ፈዛዛውን ቀለም ሳስከትል ደግሞ ለአረፋ የተውኩት ቦታ ይዋጣል፣ በተለይ ውሃው ድንጋዩን የሚመታበት ጋ።

በቻይና የደቡብ ሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረውን የሠዓሊ ማ ዩዋንን 12 የውሃ ሥዕሎች እያየሁ ነው የምለማመደው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አይፈስም። እሱ የሳለው በሐር ላይ ነው፣ ታድሎ!

እና ሙጫ የተቀባውን ሹዋን ልግዛ? ወይስ ብሩሹን በጨርቅ አድርቄ፣ ቀለሙን አወፍሬ በዚሁ ልቀጥል? ፈዛዛውንስ የምቀባው ከመስመሩ በፊት ነው በኋላ? የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።