ጀርመንን ሞስኮ ደጃፍ ላይ ያቆመው ብርዱ ነው ወይስ ዕቅዱ?

አወያይ፦ በፈረንጆቹ ጁን 22 ቀን 1941 ከ3 ሚሊዮን በላይ የጀርመን ወታደር ሶቭየት ኅብረትን ወረረ። ዘመቻው «ባርባሮሳ» ይባላል። ዲሴምበር ላይ ሞስኮ አቅራቢያ ቆመ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተገፋ። ለምን ከሸፈ?

ተማሪዋ፦ እኔ ብርዱ ነው እላለሁ። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ቀላል ነገር አይደለም። የጠመንጃው ቅባት ይረጋና አልተኩስም ይላል። ታንክ ለማስነሳት ከሥሩ እሳት ያነዱ ነበር። ወታደሩ በስስ ዩኒፎርም እግሩ በውርጭ እየሞተ ነበር የሚዋጋው። ይሄን ትቶ ስለ ዕቅድ ማውራት ይከብደኛል።

የመስመር ሾፌር፦ እህቴ፣ ብርዱ አልነበረም ያለ የለም። ግን ቀኑን እዪው። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ ውርጩ ገና ሳይመጣ፣ ጀርመን ከ5 መቶ ሺህ በላይ ሰው ሞቶባት፣ ቆስሎባትና ጠፍቶባት ነበር።

እኔ በጅቡቲ መስመር ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ጭነቱ ላይ ነው። የሩሲያ ሐዲድ ከጀርመኑ በ9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የኛን አስቡት፦ የለገሃሩ የድሮ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1.435። የአንዱ ባቡር በሌላው አይሄድም። ጀርመኖቹም ሐዲዱን እየነቀሉ ማጥበብ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው በመኪናና በፈረስ ነው። 6 መቶ ሺህ ያህል ፈረስ ይዘው ነበር የገቡት! ነዳጅ የጫነ መኪና ደግሞ ራሱም ነዳጅ ይጠጣል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚያደርሰው እያነሰ ይሄዳል። የራሳቸው የስንቅ ክፍል ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ በወጉ ማድረስ እንደማይቻል አስልቶ ነበር። ሞስኮ ከድንበሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀሪውን በምን ሊሄዱ ነው? ሩሲያ በጥቂት ሳምንት ትፈርሳለች ብለው ነበር። ካፖርቱም የታሰበው ከድል በኋላ እዚያ ለሚቀረው ጦር ብቻ ነው። ያም ቢሆን ብዙው ፖላንድ መጋዘን ውስጥ ቀረ፤ ባቡሩ ጥይትና ነዳጅ ማድረስ ራሱ አቅቶት ነበር።

የታሪክ አስተማሪ፦ ሁለታችሁም ሩሲያውያኑን ረሳችኋቸው። የጀርመን ምድር ጦር ኤታማዦር ሹም ፍራንዝ ሃልደር ኦገስት ላይ በማስታወሻው የጻፈውን ላንሳ፦ 200 ክፍለ ጦር ይገጥመናል ብለን ነበር፣ አሁን 360 ቆጥረናል ይላል። ከ1,500 በላይ የሶቭየት ፋብሪካ ተነቅሎ ወደ ምሥራቅ ተጭኗል። የተማረከው የሶቭየት ወታደር ደግሞ በጀርመኖች እጅ በረሃብና በብርድ አለቀ፤ በጥቂት ወራት 2 ሚሊዮን ያህል ሰው። ይሄን የሰማ ወታደር እጁን ይሰጣል? ዲሴምበር 5 የሶቭየት ጦር መልሶ ሲያጠቃ ብርዱ በሁለቱም ላይ ነበር።

ተማሪዋ፦ እሺ መምህር፣ ይሄን እቀበላለሁ። የሐዲዱንም። ግን ኖቬምበር ላይ ብዙ የጀርመን ባቡሮች የቆሙት በብርድ እኮ ነው። የውኃ ቧንቧቸው በውጭ በኩል ስለነበር ውኃው ረግቶ ፈነዳ።

የመስመር ሾፌር፦ እኔም የምለው እሱን ነው። ወደ ሩሲያ የሚላከውን ባቡር፣ ከመነሳቱ በፊት ቧንቧውን ያየ ሰው አልነበረም።