ካምቢዮ ቤት ውስጥ ለማውረድ የትኛው ክሪክ ይሻላል?

የጓሮ መካኒክ፦

ሰላም ወገን። የፒክአፔ ፍሪሲዮን አልቋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን ፍንክች አይልም። ካምቢዮው ማንዋል ነው፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ ፎር ዊል የለውም። ፍሪሲዮኑን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ቁልፎቹ አሉኝ፣ አዲሱ የፍሪሲዮን ዲስክም ተገዝቷል። የቀረኝ ካምቢዮውን ተሸክሞ የሚያወርድልኝ ነገር ብቻ ነው።

ሊፍት የለኝም። መኪናውን አራት ስታንድ ላይ አቁሜ፣ ጀርባዬን መሬት ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። ሦስት ነገር አይቻለሁ። አንዱ እቤት ያለው ባለ 2 ቶን ባለ ጎማ ክሪክ ላይ የሚገጠም የካምቢዮ መቀመጫ ነው። ሌላው ለካምቢዮ ተብሎ የተሠራ ዝቅ ያለ የወለል ክሪክ ነው። ሦስተኛው ጋራዥ ውስጥ የምናየው ያ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ረጅሙ። ጓደኛዬ ደግሞ ምንም አያስፈልግህም፣ ሁለት ሆነን ደረታችን ላይ ተቀብለን እናወርደዋለን ይለኛል። የሠራችሁበት ሰዎች፣ የትኛውን ልያዝ?

ቁልፍ 17፦

ከጓደኛህ ሐሳብ ልጀምር፣ ያስፈራኝ እሱ ስለሆነ። የፒክአፕ ማንዋል ካምቢዮ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቆሞ ማንሳቱ እንኳ ይከብዳል፣ ተኝተህ ዘይት በነካው እጅ ስትቀበለው ደግሞ አስበው። ካመለጠ የሚያርፈው ደረትህ ላይ ነው፣ መሸሻ ቦታም የለህም። ማውረዱስ ይሁን፣ መመለሱስ? ከካምቢዮው ፊት የሚወጣው ዘንግ ከዲስኩ ጥርስ ጋር እስኪገጥም ድረስ ካምቢዮውን ከፍ ዝቅ እያደረግክ ይዘህ መቆየት አለብህ። እጅ ይዝላል፣ ክሪክ አይዝልም።

ረጅሙን እርሳው። ለሊፍት የተሠራ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ሲልም ስታንድ ላይ ካለ መኪና ሥር አይገባም።

ከቀሩት ሁለቱ ስትመርጥ ስንት ቶን ይችላል የሚለው አያስጨንቅህ። ለካምቢዮ የሚሠሩት የወለል ክሪኮች ብዙዎቹ ግማሽ ቶን ገደማ ይችላሉ፣ ያንተ ካምቢዮ የዚያን አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ዋናው ቁመቱ ነው። መኪናውን ስታንድ ላይ አቁምና ሜትር ያዝ። ከመሬት እስከ ካምቢዮው ሆድ ስንት ነው? ከመሬት እስከ መኪናው ጎን የታችኛው ጠርዝስ? ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው የካምቢዮው ሰፊ አፍስ ከላይ እስከ ታች ስንት ይሆናል? ከዚያ ክሪኩ ጨርሶ ዝቅ ሲል ያለውን ቁመትና የሰፊውን አፍ ቁመት ደምር። 20 ሳንቲም ሜትር ክሪክ ላይ 40 ሳንቲም ሜትር ካምቢዮ ሲቀመጥ 60 ይመጣል። የመኪናህ ጠርዝ 50 ላይ ከሆነ ካምቢዮው ይወርዳል እንጂ ከመኪናው ሥር አይወጣም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ካምቢዮው ወርዶ መሃል ላይ ከቀረ በኋላ ነው።

ፋታ፦

ባለ ጎማ ክሪክ ካለህ መቀመጫውን ጨምርበትና ሥራህን ጨርስ። በዕድሜህ ስንት ካምቢዮ ልታወርድ ነው? እኔ በዚሁ ነው የምሠራው፣ ለማንዋል ምንም አይጎድለውም።

ግን ስትገዛ ከሥሩ ያለውን ፒን እይ። ፒኑ ክሪክህ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ መግባት አለበት። ከላላ ካምቢዮው ተጭኖበት ሲወዛወዝ ታየዋለህ፣ ያኔ ደግሞ ምንም ማድረግ አትችልም። ስለዚህ የክሪኩን ቀዳዳ ቀድመህ ለካ። ሌላው ሰንሰለቱ ነው። አንዳንዱ መቀመጫ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ካምቢዮውን አይዞርም፣ እኔ በማጥበቂያ ቀበቶ ነው የማስረው፣ እንዲያውም ቀበቶው ይሻለኛል።

እና በባዶ የክሪክ መቀመጫ፣ ያቺ ትንሿ ክብ ብረት ላይ ብቻ አስቀምጠህ እንዳትሞክር። ካምቢዮ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል፣ ጅራቱ ቀጭን ነው፣ ሳታስበው ይገለበጣል።

ጥቁር እጅ፦

ፋታ ያለው ልክ ነው፣ ግን የባለ ጎማ ክሪክን ዋና ችግር አልነገረውም። ክንዱ ሲነሳና ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ቅስት ይሠራል። ከፍ ባደረግከው ቁጥር ካምቢዮው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። የክሪኩ ጎማዎች እንደ ልብ ከተንከባለሉ ክሪኩ ራሱ ያካክሰዋል። ወለሉ ሻካራ ከሆነና ጎማው ከተያዘ ግን ግፊቱ በሙሉ ዘንጉና ዲስኩ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ሲሚንቶው ልሙጥ ካልሆነ ሰፊ ጣውላ አንጥፍበት። ክሪኩንም ከመኪናው ርዝመት ጋር አስተካክለህ አስገባው፣ ከጎን ካስገባኸው ካምቢዮውን ወደ ኋላ ለመሳብ ትቸገራለህ። ለካምቢዮ የተሠራው አራቱም ጎማ ስለሚዞር ይህ ጣጣ ይቀንስለታል።

እኔ ብሆን ለካምቢዮ የተሠራውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ማዘንበያው ነው። ካምቢዮውን ከሥር የያዘው አግዳሚ ብረት ሲፈታ የሞተሩ ጀርባ ዝቅ ይላል፣ ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ያዘነብላሉ። ክሪኩ ላይ ያለው ካምቢዮ ያንን ዝንባሌ በልኩ ካልያዘ ዘንጉ ሲወጣም ሲገባም ይጣበቃል። ጥሩው ክሪክ ላይ ፊትና ኋላውን፣ ግራና ቀኙንም ለየብቻ በብሎን ታስተካክላለህ። ርካሹ መቀመጫ ላይ እነዚህ ብሎኖች ቢኖሩም ክብደት ሲያርፍባቸው አንዳንዴ አይዞሩም።

ከመግዛትህ በፊት ደግሞ ክሪኩን ዝቅ የሚያደርገውን የዘይት መልቀቂያ ሞክር። የሚከብድ ነገር ጫንበትና ቀስ አድርገህ ክፈተው። እንደ ፈለግከው በቀስታ የሚወርድ ከሆነ ያዘው። ትንሽ ስትነካው ዱብ የሚል ከሆነ ተወው፣ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢመስል ለካምቢዮ አይሆንም።

ማርሽ፦

በዚሁ ልጠይቅ፣ የኔ ኦቶማቲክ ነው፣ በፊት ጎማ የሚነዳ። ይኸው ምክር ለኔም ይሠራል?

ጥቁር እጅ፦

@ማርሽ ላንቺ መቀመጫ የሚጨመርበትን አልመክርሽም። ኦቶማቲክ ከማንዋሉ በጣም ይከብዳል፣ የትንሽ መኪናው እንኳ 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ከሥር ያለው የዘይት ሳህን ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ክብደቱን አንድ ቦታ ላይ ካሳረፍሽው ይጎደጉዳል፣ ሰፊ እንጨት መሃል አስገቢበት። ቶርክ ኮንቨርተሩ (በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለው፣ የፍሪሲዮንን ቦታ የሚተካው ክብ ዕቃ) ከሞተሩ ተፈትቶ ከካምቢዮው ጋር ነው መውረድ ያለበት፣ ወደ ፊት ተንሸራቶ እንዳይወድቅ እሰሪው። ሲመለስም እስከ መጨረሻው ገብቶ መቀመጡን አረጋግጪ፣ ካልገባ ብሎን ስታጠብቂ የዘይት ፓምፑን ይሰብረዋል። በፊት ጎማ ለሚነዳው ደግሞ ሞተሩ ከላይ መንጠልጠል አለበት፣ ግራና ቀኝ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የሚያርፍ የሞተር መያዣ ብረት አለ። ያለሱ አትጀምሪው።

የጓሮ መካኒክ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ለካሁት። ካምቢዮው ሆድ ከመሬት 54፣ የመኪናው ጠርዝ 51፣ ሰፊው አፍ 38። የማየው የካምቢዮ ክሪክ ዝቅ ሲል 21 ነው። በቁልፍ 17 ስሌት 59 ይመጣል፣ አይወጣልኝም ማለት ነው። ስታንዱን ከዚህ በላይ ከፍ ባደርገውስ?

ቁልፍ 17፦

ስታንዱ ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው ለመወዛወዝ ይቀለዋል፣ አንተ ደግሞ ከሥር ሆነህ ትላልቅ ብሎን ልታላቅቅ ነው። አምራቹ ከፈቀደው በላይ አትሂድ፣ ከሥሩ ብሎኬትም ሆነ የተደራረበ ጣውላ አታድርግ። በ51 ሥራው ይሄዳል። ካምቢዮውን እስከ ታች አውርድ፣ ማሰሪያውን ፍታ፣ ከጓደኛህ ጋር በቀስታ አንሸራታችሁ ካርቶን ላይ አሳርፉት። ክሪኩን መጀመሪያ አውጡ፣ ከዚያ ካርቶኑን ጎትቱ። 38 ሳንቲም ሜትር በ51 ሥር በሰፊው ያልፋል። የጓደኛህ እርዳታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከመፍታትህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ የካምቢዮውን ዘይት አፍስስ፣ አለዚያ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ሲወጣ ከጅራቱ ይፈስብሃል። ከሞተሩ ጀርባ ሥር እንጨት አድርገህ በሌላ ክሪክ ደግፈው። ካምቢዮው ሥር ያለው ክሪክ ደግሞ የካምቢዮውን ክብደት ብቻ ይቀበል፣ አንድ ሁለቴ አብዝተህ ከገፋኸው መኪናውን ራሱን ከስታንዱ ያነሳዋል። እዚህ ላይ እባክህ ተጠንቀቅ።

የጓሮ መካኒክ፦

ገባኝ። የካምቢዮ ክሪኩን እይዛለሁ፣ ባለ ጎማው ሞተሩን ይደግፍልኛል። አንድ የቀረኝ፣ ሲመለስ ያለ ብዙ ትግል የሚገባበት ዘዴ አለ?

ፋታ፦

አለ። ካምቢዮውን ከሚይዙት ብሎኖች ጋር ጥርሳቸው አንድ የሆኑ፣ ግን በጣም የሚረዝሙ ሁለት ብሎኖች ፈልግ። ራሳቸውን ቁረጥና ጫፋቸውን በካቻቢቴ እንዲዞሩ ሰንጥቃቸው። ሞተሩ ላይ ግራና ቀኝ እሰራቸው። ካምቢዮው በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ይመጣል፣ ክሪኩ የሚቀረው ከፍታውን መጠበቅ ነው። ዲስኩን ማእከል በሚያስይዘው መሣሪያ መሃል ላይ ማድረግህንም አትርሳ።

አንድ ሁለት ሳንቲም ሜትር ሲቀረው እምቢ ካለ በብሎን አትሳበው። የካምቢዮው ጆሮ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰበራል። ማርሽ አስገባና ጅራቱን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው፣ ጥርሱ ሲገናኝ ራሱ ይገባል።