ናርኒያን ለልጅ ማስነበብ፦ የጣኦት ተረት ነው ወይስ ስውር ስብከት?

አወያይ፦ አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠየቀች፣ «ልጄ ናርኒያ የሚባል መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች፣ ጠንቋይ አለበት፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል አለበት፣ ላስነብባት ወይስ ልመልሰው?» ለማያውቁት፣ የሲ ኤስ ሉዊስ ሰባት መጽሐፎች ናቸው፣ ከ1950 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የወጡ። በመጀመሪያው አራት ወንድምና እህቶች በቁምሳጥን ገብተው እንስሳት የሚያወሩበት አገር ይደርሳሉ፣ የአገሩ ጌታ አስላን የሚባል አንበሳ ነው። ሃሳባችሁን ጣሉ፣ ስድብ ክልክል ነው።

ዲያቆን ቢኒ፦ መልሺው እህቴ። ልዑል ካስፒያን የሚለው ላይ ባኮስ፣ የግሪኮች የወይን ጠጅ ጣኦት ማለት ነው፣ ከነጭፍሮቹ እየጨፈረ ይመጣል፣ ሌላ ሽማግሌ ደሞ ከአህያ ላይ እየወደቀ «መክሰስ! የመክሰስ ሰዓት ደረሰ!» ይላል፣ ክርስቶስን ይወክላል የሚባለው አንበሳ እዛው መሃላቸው ነው!! የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን እንኳ የሉዊስ ጓደኛ ሆኖ፣ አጥባቂ ካቶሊክ ሆኖ፣ ናርኒያን አልወደደለትም።

ሶስና፦ ቢኒ እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል ግን? እዛው ቦታ ከአራቱ ልጆች ሱዛን ለሉሲ አስላን ባይኖር ኖሮ ከነባኮስ ጋር መገናኘት ያስፈራኝ ነበር ትላታለች፣ ሉሲም ትስማማለች። ሉዊስ ምን እያስገባ እንደሆነ አልጠፋውም እኮ።

ጋሽ መርዕድ፦ ልጆች፣ ፊሳልጎስን ረሳችሁት እንዴ? በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመ የእንስሳት መጽሐፍ ነው። የአንበሳ ግልገል ሞቶ ይወለዳል፣ በሦስተኛው ቀን አባትየው መጥቶ ፊቱ ላይ እፍ ሲልበት ይነሳል፣ ይሄም የትንሣኤ ምሳሌ ነው ይላል። አሁን ናርኒያን ክፈቱ። አስላን ከሞት ተነስቶ ጠንቋይዋ ግቢ ይገባል፣ ድንጋይ ያደረገቻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እፍ ይልባቸዋል፣ መጀመሪያ የተነሳው ደግሞ አንበሳ ነው። ሉዊስ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ የመካከለኛውን ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለሆነ ይሄን ዓይነቱን ጽሑፍ አሳምሮ ያውቀዋል። የኛ አባቶችም እዛው ፊሳልጎስ ላይ ያለችውን፣ ከአመዷ የምትነሳውን ፊኒክስ የምትባል ወፍ የአረማዊ ተረት ናት ብለው አልጣሏትም፣ ተርጉመው አስቀመጧት።

ዲያቆን ቢኒ፦ ጋሼ በአክብሮት፣ ፊሳልጎስ እኮ ታሪኩን ነግሮህ ሲያበቃ ምሳሌነቱን ቁጭ ያደርግልሃል። ናርኒያ አይነግርህም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ይፍታላት?

ቴዲ፦ እኔን ደሞ የሚያናድደኝ የዚ ተቃራኒ ነው። ልጅ ሆኜ አስላን ጋማውን ተላጭቶ አፉን ታስሮ ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ሲያርዱት አልቅሻለሁ፣ ቆይተው ይሄ እኮ ስቅለት ነው ሲሉኝ የሆነ ነገር በጀርባ በር ያስገቡብኝ ነው የመሰለኝ። ሉዊስ ራሱ አልደበቀውም፣ ልጅ እያለ ስለ ክርስቶስ መከራ ሊሰማህ ይገባል ሲሉት ስሜቱ ይደርቅበት ነበር፣ ስለዚ ነገሩን ተረት ውስጥ ቢያስገባው ያ ግዴታ የሚጠፋ መሰለው። ደራሲው ፊሊፕ ፑልማንም በ1998 እ.ኤ.አ. ክፉኛ የተቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሶስና፦ ግን ቴዲ አለቀስክ አይደል? ሰራልህ ማለት ነው ሃሃ። ደሞ አጀማመሩ በስብከት አልነበረም፣ በረዶ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ ፋውን፣ ያ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየሉ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ ጀምሮ በሉዊስ ዓይን ይመጣበት ነበር፣ አንበሳው በኋላ ነው የመጣው።

ኡሙ ሀናን፦ እስካሁን ስለ ፍየልና ስለ ወይን ስታወሩ ካሎርመንን፣ እዛው መጽሐፎቹ ላይ ያለውን የጠላት አገር፣ ያነሳ አንድ ሰው የለም። ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ፊታቸው ጠቆር ያለ፣ ጎራዴያቸው ቆልማማ፣ ከበረሃ ማዶ የሚኖሩ ባሪያ ፈንጋዮች፣ አምላካቸው ታሽ የሰው መስዋዕት የሚወድ፣ የአሞራ ራስ ያለው አራት እጅ ጭራቅ። እኛ ጣኦት የለንም፣ ግን ልጄ ያንን ልብስ ስታይ ማንን ነው የምታስበው? አያቷን ነዋ።

ሶስና፦ ልክ ነሽ እታለም፣ እሱ ያስጠላል። ግን አራቪስ የምትባለዋ ጀግና ካሎርመናዊት ናት፣ መጨረሻው መጽሐፍ ላይም ኤሜት የሚባል ወታደር እድሜውን ሙሉ ታሽን በቅንነት አገልግሎ አስላን ይቀበለዋል፣ ለሱ ያደረግከውን መልካም ነገር ለኔ እንዳደረግከው ቆጥሬዋለሁ ብሎ።

ኡሙ ሀናን፦ አንብቤዋለሁ። ማለት የፈለገው «ሳታውቀው የኛ ነበርክ» ነው። ከነእምነቱ የተቀበለው ማንም የለም።

ዲያቆን ቢኒ፦ እዚህ ላይስ ከኡሙ ሀናን ጋር ነኝ። ጣኦት ያመለከ ሰው እንዲሁ ከገባ ጥምቀቱ ምን ሊረባ ነው? ንጹህ ኑፋቄ።

ኡሙ ሀናን፦ ከኔ ጋር አይደለህም ወንድሜ፣ አንተ በሩ ሰፋ እያልክ ነው፣ እኔ ጠበበ እያልኩ ነው።

ጠያቂዋ እናት፦ ኧረ ልጅቷ የመጀመሪያውን ጨርሳለች እናንተ ስትጨቃጨቁ 😅 ባኮስ ያለበት ስንተኛው ነው? እሱን ቀድሜ ልየው።

ሶስና፦ በወጣበት ቅደም ተከተል ሁለተኛው ነው፣ አዳዲሶቹ እትሞች ላይ ግን ቁጥር 4 ብለውታል፣ ርዕሱን እያየሽ ያዢ።