ታሪኬ 160 ቃል ነው፣ ልኩ 100። የቱን ልቁረጥ?

የፎቶ ኮፒ ቤቷ፣ ደሴ

ሰላም ለዚህ ቤት። በዚህ ወር የ100 ቃል ታሪክ ውድድር ልገባ ነው። እስካሁን የሌሎችን እያነበብኩ ነበር። የወሩ ቃል «ቁልፍ» መሆኑን ሳይ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ኮፒ አነሳለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ማመልከቻ ነው። ሰው ይመጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጉዳዩን ይነግረኛል። አንዳንዱ ከአያቱ ይጀምራል። ሰምቼ ስጨርስ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ እጀምርና አንድ ገጽ ላይ አሳርፈዋለሁ። የውሃ ቆጣሪ ጣጣ፣ የወሰን ክርክር፣ የተጓተተ ጡረታ፣ ሁሉም አንድ ገጽ ይበቃዋል። መልሼ ሳነብላቸው «አዎ፣ ልክ እንዲህ ነው» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። የሰው ሙሉ ጉዳይ በጥቂት መስመር ሊገባ እንደሚችል ያየሁት እዚያ ወንበር ፊት ነው።

ማመልከቻ ላይ የሚቆረጠውን አውቃለሁ። ኃላፊው ማወቅ የሚፈልገው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበትና ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ነው። ታሪክ ላይ ግን እጄ ተያዘ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ስቆርጥ ሰውየው የሚጎድልብኝ ይመስለኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የእህል መጋዘን ዘበኛ ጡረታ የሚወጣበት ቀን ደርሷል። ቁልፎቹን ለተተኪው ወጣት ያስረክባል። ከቁልፎቹ አንዷ የምትከፍተው በር የለም። በሩ ድሮ ፈርሷል፣ እሱ ግን ቁልፏን ከቀለበቱ አላወጣትም። ሌሊት ሚስቱ ስትነቃ አጠገቧ ታጣዋለች።

አጀማመሩ አሁን ይህን ይመስላል፦

«የሐምሌ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት ላይ አባራ። ከተማዋ በጭጋግ ተሸፍናለች። ሽማግሌው ይህን መጋዘን 31 ዓመት ጠብቋል። በወጣትነቱ ከገጠር መጥቶ ነው የተቀጠረው። አንድም ቀን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም።»

መጨረሻው ደግሞ፦

«ሚስቱ ወጥታ አየችው። የግቢያቸውን በር ጓጉንቸር እየነቀነቀ ነው። ሥራውን በጣም ይወድ ስለነበር ከዚያ ሕይወት መላቀቅ አልቻለም።»

የቱን ላውጣ? ደግሞ ቃል የሚቆጠረው እንዴት ነው? ርዕስ ይቆጠራል? ለራስ ድምፅ መስጠትስ ይቻላል?

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ታሪክሽ ታሪክ አለው። ይህን የምልሽ ላበረታታሽ ብዬ ብቻ አይደለም። ያቺ በር የሌላት ቁልፍ ሌላው ሁሉ ቢቀር እንኳ ትበቃለች።

መጀመሪያ ያመጣሽውን አንቀጽ በሙሉ አውጪው። «ሐምሌ» ካልሽ ዝናቡን አንባቢው ራሱ ያመጣዋል። እንዲያውም ሐምሌም አያስፈልግም፣ ታሪኩ ውስጥ ዝናቡ ምንም አይሠራም። 31 ዓመት መጠበቁን አንድ ያረጀ ካፖርት ይናገርልሻል። ከገጠር መምጣቱ እውነት ነው፣ ለአንቺ ያስፈልግሻል፣ ሰውየውን እንድታውቂው። ለአንባቢ ግን አስተዋውቂው ብሎ የጠየቀሽ የለም። ወጣቱ ቁልፍ ሲቆጥር ጀምሪ።

አለቃ ገብረ ሐና መንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ሴቶች አገኙና «እንደምን አደራችሁ፣ የአህያ እናቶች» አሉ ይባላል። ሴቶቹም «እንደምን አደርክ፣ ልጃችን» ብለው መለሱ። ይኸው ነው። መንገዱ ጭቃ ይሁን አቧራ አልተነገረንም፣ ሴቶቹ ስንት እንደነበሩ አልተነገረንም፣ አለቃ ምን እንደተሰማቸውም አልተነገረንም። ትውልድ ግን እየተቀባበለ ያወራዋል። ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ጻፊውና አንድ ቃል ጨምሪበት፣ ወዲያው ሲበላሽ ታያለሽ።

ሌላ አንድ ነገር። «እሱ»፣ «እሷ»፣ «እርሱም» የሚሉትን ፈልገሽ አውጫቸው። ግሱ ማን እንዳደረገው ይናገራል። ከዚህ ብቻ አምስት ስድስት ቃል ይተርፍሻል።

ባለ እርሳስ፣ አዲስ አበባ

እኔ ትንሽ ከመምህር እለያለሁ። አጀማመሩ መውጣት አለበት፣ በዚያ እስማማለሁ። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። እዚህ ውስጥ ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ የፈረሰው በር ቁልፍ ነው፣ ሌላው የሌሊቱ። 100 ቃል ሁለት ትዕይንት አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ አውጪና ወጣቱ «ይቺስ የምን ናት?» ሲለው ጨርሺ። ጠንካራ ይሆናል።

እንግሊዞች ልክ 100 ቃል የሆነውን ታሪክ «ድራብል» ይሉታል። በ1980ዎቹ የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች ናቸው እንደ ጨዋታ የጀመሩት። የእነሱ ሕግ ከእኛ ይከብዳል፣ 99ም 101ም አይቻልም። የእኛ ውድድር እስከ 100 ስለሚል 60 ላይም ማቆም ይቻላል። ሰው ሁሉ 100ውን ካልሞላሁ ብሎ ሲጨነቅ አያለሁ። ባዶውን ተዪው።

ማታ ጸሐፊዋ፣ ሪያድ

እህቴ፣ እኔ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዕቃ አጥቤ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ በስልኬ ነው የምጽፈው። ለዚህ ነው አጭሩን የምወደው፣ ረጅም ብጀምር አልጨርሰውም። እንደ አቅሚቲ በየወሩ አንድ እልካለሁ።

የሌሊቱን እንዳታወጪው፣ በናትሽ። እኔ በሩን፣ ጋዙን፣ መስኮቱን ሳልነካካ አልተኛም። ዓይኔ ቢያየው እንኳ እጄ ካልነካው አያምንም። አገር ቤት ለእረፍት ስመጣም እንደዚያው ነኝ፣ እናቴ ቤት ጋዝ ሳይኖር ሌሊት ተነስቼ ጋዙን እፈልጋለሁ። ሰውየሽን አወቅሁት። ጓጉንቸሩን ነቅነቅ ሲያደርግ ድምፁን ሰማሁት።

መውጣት ያለበት «ሥራውን በጣም ይወድ ስለነበር» የሚለው ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ለምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ደግሞ መውደድ ብቻ አይደለም። አንቺ ከምትነግሪን እሱ ይናገር። ሚስቱ «ምነው?» ብትለው ምን ይላታል? እሱን ጻፊና እዚያው ተዪው።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ፣ ደሴ

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ ምክርዎን እንዳነበብኩ ያን አንቀጽ አጠፋሁት፣ ታሪኩ ወዲያው ተነፈሰ። የአለቃን ጨዋታም እንዳሉኝ ሞከርኩት። «ሦስት» የሚል ቃል ጨመርኩበት፣ ሦስት ሴቶች ብዬ። እውነትም ተበላሸ፣ አንባቢው ሴቶቹን ሊቆጥር ይሄዳል።

ባለ እርሳስ፣ ሁለት ታሪክ ነው ያልከው ብዙ አሳሰበኝ። ግን አልስማማም። ወጣቱ ቁልፏን «አታስፈልግም» ብሎ ሲመልስለት መጋዘኑ ሰውየውን ለቀቀው። ሌሊት ላይ ደግሞ እሱ መጋዘኑን እንዳልለቀቀ እናያለን። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም አስቀርቼ በመካከላቸው ያለውን ነው የቆረጥኩት፦ ወደ ቤት መሄዱን፣ እራቱን፣ የጎረቤቶችን «እንኳን ደስ አለህ»። ከቀኑ ወደ ሌሊቱ በአንድ መስመር ዘለልኩ።

የሪያዷ እህቴ፣ የሰውየውን መልስ ያገኘሁት ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ነው። ማሽኑ ወረቀት ይዞብኝ እያወጣሁ ሳለ መጣልኝ። ይኸው፦

ርክክብ

ወጣቱ ቁልፎቹን እየቆጠረ የርክክብ ቅጹን ይሞላል።

«ይቺስ የምን ናት?»

«የድሮው በር።»

«የቱ በር?»

«ፈርሷል።»

«እንግዲያ አታስፈልግም።» ከቀለበቱ አውጥቶ መለሰለት። 13 ብሎ ጻፈ። ፈረሙ።

ሽማግሌው ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ካፖርቱን አውልቆ አጣጠፈው። ክርኑ ላይ የተጣፈው ከላይ እንዳይታይ ገለበጠው።

ሌሊት ሚስቱ ነቃች። አጠገቧ የለም። በመስኮት አየች። የግቢውን በር ጓጉንቸር ነቅነቅ አደረገ። ወደ ኩሽናው ሄደ፣ ነቅነቅ። ወደ ዶሮዎቹ ቤት ሄደ፣ ነቅነቅ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ተኚ አንቺ» አላት። «ተረኛ ነኝ።»

ከ100 በታች ነው። ባዶውን እንዳልከው ትቼዋለሁ፣ ባለ እርሳስ።

ባለ እርሳስ፣ አዲስ አበባ

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሌሊቱ ይቆይ። ካፖርቱን የገለበጠባት ቦታ ላይ ቆም አልኩ። ሰውየው የተጣፈ ልብስ ማስረከብ ያሳፍረዋል፣ ይህን ሳትነግሪን ነገርሽን። አንድ ብቻ፦ «ምን ሆንክ?» ትውጣ። «ምነው?» ይበቃታል። ሌሊት ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

የወሩ አስተባባሪ

ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ለጥያቄዎችሽ ልመልስ።

ርዕስ አይቆጠርም። ቁጥር እንደ አንድ ቃል ነው፣ በአኃዝም በፊደልም ቢጻፍ። እንደ «ት/ቤት» ያለ አጽሕሮትም አንድ ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ በድሮው አጻጻፍ ቃላቱን ያለ ባዶ ቦታ በሁለት ነጥብ እየለዩ የሚልኩ ሰዎች ታሪክ አንድ ቃል ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን እኔ በእጄ እቆጥራለሁ፣ ማንም በዚህ አይቀጣም። «ሀ» በ«ሐ»፣ «ሰ» በ«ሠ» ተቀይሮ ቢመጣም ነጥብ አይቀነስም። በስልክ የሚጽፉ ብዙ ናቸው፣ የምንወዳደረው በታሪክ ነው።

መላኪያው በ20ኛው ቀን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያበቃል፣ በኢትዮጵያ ሰዓት። ሪያድ ሰዓቷ ከእኛ አንድ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ግን ለእናንተ ገና ከሰዓት በኋላ መሆኑን አትርሱ፣ ማታ እልካለሁ ብላችሁ እንዳታመልጣችሁ። ከዚያ ታሪኮቹን ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ እለጥፋለሁ። ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ለማንበብ ሁሌም አሥር ቀን አለን። እያንዳንዱ ተሳታፊ ሦስት ታሪክ ይመርጣል። የራስን መምረጥ አይቻልም። ያሸነፈ ሰው ሽልማቱ የሚቀጥለውን ወር ቃል መስጠት ነው፣ ሌላ የለም። ጳጉሜን አንዘላትም፣ 5 ቀን ስለሆነች የ5 ዓረፍተ ነገር ታሪክ እንጽፋለን። በየአራት ዓመቱ 6 ስትሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል።

አንቺ ግን ታሪኩን እዚህ ስለለጠፍሽው የማን እንደሆነ ታወቀ። ሕጉ ይህን አይከለክልም። ከፈለግሽ ግን ለዚህ ወር ከድምፅ ውጪ ሆኖ እንዲነበብ ማድረግ እችላለሁ። ምርጫው ያንቺ ነው።

አንድ የማጠብቀው ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ታሪክ ቢያንስ አንድ መስመር አስተያየት እንጽፋለን። «ቆንጆ ነው» ብቻ አይበቃም። የያዘሽን ዓረፍተ ነገር ጥቀሺ፣ የደከመብሽ ቦታ ካለም በደግ ቃል ንገሪ። ድምፅ ያላገኘ ሰው የሚመለሰው ታሪኩ መነበቡን ሲያውቅ ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቷ፣ ደሴ

ከድምፅ ውጪ ይሁንልኝ፣ ደስ ይለኛል። መነበቡ ነው የምፈልገው። «ምን ሆንክ?»ንም አውጥቻታለሁ። አስተያየቱን ደግሞ ለሁሉም እጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው።

አንድ ልጠይቅ። ሱቃችን ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። መብራት ሲቋረጥማ እስኪመጣ ቁጭ ብለው ግድግዳ ነው የሚያዩት። ግድግዳው ላይ ያለው የዋጋ ዝርዝር ብቻ ነው። የወሩን ታሪኮች አትሜ ብለጥፋቸውስ? በ14 ፎንት ሁለት ታሪክ አንድ ኤ4 ላይ ይገባል። ወረቀቱም ቀለሙም በእኔ። ባለቤቱን ጠይቄ ፈቅዶልኛል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው የሪያዷን እህቴን ታሪክ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ማታ ጸሐፊዋ፣ ሪያድ

የእኔን ለጥፊው። እናቴ ደሴ ለገበያ ስትመጣ እነግራታለሁ። ማንበብ አትችልም፣ አንቺ ታነቢላታለሽ።

የወሩ አስተባባሪ

ድምፁ ካለቀ በኋላ ይሁን፣ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ፈቃድ እየጠየቅን። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ካለ በቁጥር ብቻ ይለጠፋል። እስካሁን ያልላካችሁ ላኩ፣ ቃሉ «ቁልፍ» ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

እኔ ፈቅጃለሁ። ፊደሉን ግን ወደ 16 ከፍ አድርጊው፣ ልጄ። ጡረታ ሊያስጨርስ የሚመጣ ሰው መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ነው የሚመጣው።