ጆ ጃክሰን ምን ነካው? ከየቱ አልበም ልቀጥል?

ጀማሪ አድማጭ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን የእንግሊዞቹን ኒው ዌቭ (ከፐንክ ሮክ ቀጥሎ የመጣውን ስልት) እያዳመጥኩ ነው፣ ኤልቪስ ኮስቴሎን ሳበቃ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ጆ ጃክሰን ጋ ደረስኩ። በ1979 የወጣው ሉክ ሻርፕ የሚለው አልበሙ አሳበደኝ በቃ፣ ጊታሩ ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ ቤዙ ከፊት ከፊት የሚሮጥ፣ ልጁ ደሞ ቆንጆ ሴት ከማይረባ ወንድ ጋር ባየ ቁጥር የሚነጫነጭ። ከዛ የ1981ዱን ጃምፒን ጃይቭ ስከፍተው ሳክስፎንና ትራምፔት፣ የሉዊስ ጆርዳንና የካብ ካሎዌይ የድሮ ዘፈኖች! ሌላ ጆ ጃክሰን ነው እንዴ ብዬ ሽፋኑን ደግሜ አየሁት። በሁለት አመት ውስጥ ሰው እንዲህ ይሆናል?

የድሮ ሸክላ፦
አልተለወጠም'ኮ ወንድሜ፣ ድሮም እንደዛ ነበር። ፖርትስማውዝ አካባቢ ያደገ፣ ለንደን ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ገብቶ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው፣ ከዛ በፊትም በኋላም በየመጠጥ ቤቱና በየክለቡ ፒያኖ እየመታ ነው የኖረው፣ የመጀመሪያውን ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ራሱ ክለብ ሰርቶ ባጠራቀመው ብር ነው የቀረፀው። ፐንክ፣ ያ ፈጣንና ሻካራ ሮክ፣ ሲመጣ በሩ ተከፈተለትና ገባ፣ ጉልበቱን ወደደው፣ ግን እዛው ሊቀመጥ አልመጣም። የ1980ው ቢት ክሬዚ ላይ ሬጌው ሲበዛ ልብ ብትል ኖሮ ቀጣዩ ባላስደነገጠህ። አሁን የ1982ቱን ናይት ኤንድ ዴይ ስማ። ኒው ዮርክ ሄዶ ነው የሰራው፣ የጊታሩን ቦታ ፒያኖና የላቲን ከበሮ ወስዶታል፣ ስቴፒን አውት የሚለው ዘፈን አሜሪካም እንግሊዝም በዘፈን ሰንጠረዥ 6ኛ ድረስ የወጣው ከዚህ አልበም ነው።

አራት ኮርድ፦
እኔ አልስማማም፣ ይቅርታ። ናይት ኤንድ ዴይ እሺ፣ ከዛ በኋላ ግን ሰውየው መማሩን ማሳየት አበዛ። 1987 ላይ ዊል ፓወር ብሎ ቃል የሌለው የኦርኬስትራ ነገር ሲያወጣ አይም ዘ ማን የሚለውን የሮክ አልበሙን የገዛ ልጅ ምን ያድርግ? ዘፈን መፃፍ የሚችል ሰው ለምን ሲምፎኒ ውስጥ እንደሚደበቅ አይገባኝም።

የድሮ ሸክላ፦
@አራት ኮርድ የምትለው ሲምፎኒ'ኮ፣ ሲምፎኒ ቁጥር 1 የሚለው አልበሙ፣ 2001 ላይ ግራሚ አሸንፏል ሃሃ፣ ያውም በፖፕ ኢንስትሩመንታል ዘርፍ። ዊል ፓወር ላይ ግን አልከራከርህም፣ እኔም ብዙ አልመለስበትም።

ቤዝ ብቻ፦
ሁላችሁም ግራሃም ሜቢን ረሳችሁት!! ሉክ ሻርፕ ላይ የሚሮጠው ቤዝ የሱ ነው፣ ናይት ኤንድ ዴይ ላይም አለ፣ የመጀመሪያው ባንድ ተመልሶ በ2003 ቮልዩም 4ን ሲሰራም አለ፣ 2019 ፉል ላይም አለ። ጠያቂው፣ አልበሞቹ እየተቀያየሩ ግራ ካጋቡህ ቤዙን ተከተል፣ እውነቴን ነው፣ ዘፋኙ የትም ቢሄድ መንገዱን አታጣውም።

ጀማሪ አድማጭ፦
እሺ ናይት ኤንድ ዴይ ዛሬ ማታ፣ ከዛ ቮልዩም 4። ላይቭ ነገርስ ያለው?

ቤዝ ብቻ፦
ቢግ ወርልድ፣ 1986። ኒው ዮርክ ቲያትር ውስጥ ሰው ፊት ነው የተቀዳው ግን ተመልካቹን ዝም በሉ ብሏቸው ስለነበር ጭብጨባ የለውም፣ ዘፈኖቹም በሙሉ አዲስ ናቸው። ሸክላውን ካገኘህ ሁለት ዲስክ ነው፣ አራተኛው ገፅ ላይ መርፌ እንዳታስቀምጥ፣ ባዶ ነው።